ሴቭዳ የነዳችባቸው ወራት

ሰኞ፣ ጃንዋሪ 15

ዛሬ ጠዋት ዳይሬክተሩ ኢንጂነር ትሪፎኖቭ አስጠራኝና አንድ ወፍራም ሰነድ በጠረጴዛው ላይ ወደ እኔ ገፋ አደረገልኝ። «ይሄ ያንቺ ነው ኔቬና» አለኝ። ሽፋኑ ላይ «ለሁሉም የተመቸ የሥራ ቦታ» ይላል። ከአውሮፓ ፈንድ ጋር የተፈረመ ውል ነው። እነሱ ከላይ በተዘረጋ የኤሌክትሪክ ሽቦ የሚሄዱ አዳዲስ ትሮሊባሶች ይሰጡናል፤ እኛ ደግሞ ከድልድዩ ማዶ ካለው የሮማዎች (ጂፕሲ የሚባሉት ሕዝቦች) ሰፈር ሁለት ሾፌሮች እንቀጥራለን፣ ነባሮቹን እናሠለጥናለን፣ በየወሩ ሪፖርት እንልካለን። አስተባባሪዋ እኔ እንድሆን ተወስኗል።

በዚህ የከተማ ትራንስፖርት ድርጅት የሰው ኃይል ክፍል አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ። ከዚያ ሰፈር የቀጠርኳቸውን ሰዎች አንድ በአንድ አስታወስኳቸው። ሁሉም መጥረጊያ ያስያዝኳቸው ናቸው። አፈርኩ። ወዲያው ደግሞ ደስ አለኝ፤ ፋይል ከማገላበጥ ያለፈ ነገር አንድ ጊዜ እንኳን ልሠራ ነው። ይህን ደብተር የገዛሁት ሪፖርት ውስጥ የማይገባውን ልጽፍበት ነው።

እራት ላይ ለእናቴ ነገርኳት። ዓይኗን ከቴሌቪዥኑ ሳትነቅል፣ እንግዲህ ቢሮ ስትገቢ ቦርሳሽን ቆልፊ አለችኝ። ሳቅኩ። ባልስቅ ጥሩ ነበር።

አርብ፣ ጃንዋሪ 26

ሁለቱ ተቀጠሩ። አንደኛው አንቶን የሚባል ዝምተኛ ጎልማሳ ነው። ሁለተኛዋ ሴቭዳ አሴኖቫ ትባላለች። ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው፤ ስድስት ዓመት የዳቦ ፋብሪካ መኪና ነድታለች። ባሏ ኦስትሪያ ውስጥ ግንባታ ላይ ይሠራል። እሷ ከአማቷና ከስምንት ዓመት ሴት ልጇ ጋር ትኖራለች።

የመንዳት ፈተናዋን ቆሜ አየሁ። ባቡር ጣቢያው መታጠፊያ ላይ የጣሪያው ዘንጎች ከሽቦው ወጡባት። እዚያ ቦታ የማይወጣበት ሾፌር የለም። ወረደች፣ ጓንቷን አጠለቀች፣ ገመዱን ስባ ዘንጎቹን ወደ ሽቦው መለሰቻቸውና ምንም እንዳልተፈጠረ ጉዞዋን ቀጠለች። አሠልጣኙ ሰው ለማመስገን የሚቸኩል አይደለም። «ታውቅበታለች» አለኝ። ትንሽ ቆይቶ «ከነሱ መሀል ለመጣ ሰው» ብሎ ጨመረበት። ሪፖርቱ ላይ የመጀመሪያውን ብቻ ጻፍኩ።

ማክሰኞ፣ ፌብሯሪ 6

ጥድፊያ ላይ ነኝ፣ ባጭሩ ልጻፈው። ሾፌሮች ማረፊያ ክፍል በስኒ ጠብ ተነሳ። ሴቭዳ መደርደሪያው ላይ ያገኘችውን ስኒ አንስታ ሻይ ጠጣችበት። የሚንቾ ነበር። ሚንቾ የሠራተኛ ማኅበሩ ተወካይ ነው፤ ሃያ ስድስት ዓመት ነድቷል። ስኒውን ከእጇ ተቀብሎ ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ጣለው።

ከቤቴ ሰማያዊ አበባ ያለበት ቆንጆ ስኒ አምጥቼ ሰጠኋት። የራስሽ ይሁን፣ ከሌሎቹ ጋር እንዳይቀላቀል ሣጥንሽ ውስጥ ቆልፊበት አልኳት። አመሰገነችኝ። ችግሩ በቀላሉ ተፈታ።

ረቡዕ፣ ፌብሯሪ 14

አንቶን ከሰኞ ጀምሮ የለም። ስልክ አያነሳም። ሴቭዳን ጠየቅኳት፤ ደክሞት ነው አለችኝ። ሥራው ነው ወይ ያደከመው ብላት «ሥራውማ ቀላል ነው» አለች። ሪፖርቱ ላይ «በግል ፈቃዱ» ብዬ ሞላሁ። አሁን የቀረችኝ እሷ ብቻ ናት። እሷም ከሄደች ውሉ ይፈርሳል ብሎ ዳይሬክተሩ ሁለት ጊዜ አስጠንቅቆኛል።

ሥልጠናውም ዛሬ ነበር። ከዋና ከተማ አንዲት ወጣት መጥታ አርባ ሁለቱን ሾፌሮች አዳራሽ ሰብስባ ስለ ብዝኃነትና ስለ አካታችነት አስረዳች። ሁሉም እጁን አጣጥፎ ሰማ። መጨረሻ ላይ ጥያቄ ያለው ስትል ሚንቾ ተነሳ። «ጠይሞቹ ሮማዎች መንዳት ከጀመሩ፣ ከእንግዲህ ያለ ትኬት የምንሳፈረው እኛ ነን ማለት ነው?» አለ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ሴቭዳም ሳቀች። አሠልጣኟም ፈገግ አለች። እኔ «ውይይቱ ወዳጃዊ መንፈስ ነበረው» ብዬ ጻፍኩ፤ ሁሉም ስቋልና።

አሁን ማታ ሳስበው የሴቭዳ ሳቅ ከሌሎቹ ዘግይቶ ነው የመጣው።

ሐሙስ፣ ፌብሯሪ 22

ሴቭዳ በምትነዳበት መስመር ሁለት ላይ ሦስት ቅሬታ ደረሰን። አንዱ ሰው ሾፌሯን ሲያይ ወርዶ ቀጣዩን መጠበቁን ጽፏል፤ ለዘገየበት ይቅርታ እንድንጠይቀው ይፈልጋል። ስምሪት ክፍል ተጨነቀ። እኔ አንድ ሐሳብ አመጣሁ። መስመር ዘጠኝ ድልድዩን ተሻግሮ እሷው ሰፈር ነው የሚያልቀው። እዚያ ሁሉም ያውቃታል፣ የሚሰድባት የለም። ዳይሬክተሩ በጣም ወደደው።

ለሴቭዳ ስነግራት ደስ ይላታል ብዬ ነበር። «መስመር ሁለት ላይ ያጠፋሁት ነገር አለ?» አለችኝ። ኧረ የለም፣ ላንቺው ብዬ ነው አልኳት። «ስላሰቡልኝ አመሰግናለሁ ወይዘሮ ኔቬና» አለች። መስመር ዘጠኝ ላይ የሚሠሩት አሮጌዎቹ ተሽከርካሪዎች መሆናቸውን የነገረችኝ በሩ ላይ ደርሳ ነው። የተሰጣት 218 ቁጥር ነው። ይህን አላሰብኩበትም ነበር። አዲሶቹ በበጋ ይመጣሉ፤ እስከዚያ ትታገሥ።

ሐሙስ፣ ማርች 1

ዛሬ ለመልካም ዕድል ማርተኒጻ የምንተሳሰርበት ቀን ነው። ከተማው ሁሉ እጁ ላይ ቀይና ነጭ ክር አስሯል። ሴቭዳ ከልጇ ጋር ሆና አርባ ሁለት ክር ገምዳ በቅርጫት አምጥታ ማረፊያ ክፍል ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው። ለእያንዳንዱ ሾፌር አንድ። ራሷን ከአርባ ሁለቱ መሀል አልቆጠረችም፤ አንቶን ከሄደ በኋላ ከእሷ ጋር ሾፌሮቹ አርባ ሦስት ናቸው።

ማታ ስወጣ ቆጠርኳቸው። ሠላሳ ዘጠኝ ቀርተዋል። አንዱን የወሰደችው የፅዳት ሠራተኛዋ ናት። አንዱን እኔ። ሦስተኛውን ማን እንደወሰደው አላወቅኩም። የኔን እጄ ላይ አስሬዋለሁ፤ ሹራቤ እጅጌው ረዥም ስለሆነ አይታይም።

አርብ፣ ማርች 9

የፕሮጀክቱ ማስታወቂያ በዚህ ሳምንት ተለጠፈ። በሁሉም ትሮሊባስ ጎን ላይ የሴቭዳ ፎቶ አለ፤ መሪ ይዛ ትስቃለች፣ ሥሩ «እኛ የሁላችሁም ነን» ይላል። ፎቶውን የመረጥኩት እኔ ነኝ። በሦስተኛው ቀን አራቱ ላይ ተሞነጫጨረ። በአንዱ ላይ የተጻፈውን እዚህ አልደግመውም። ትሮሊባሶቹ ሌሊት ግቢያችን ውስጥ ቆመው ያደሩ ስለሆኑ የጻፈው የውጭ ሰው አይደለም።

ሴቭዳ እንዲነሳላት ለመነችኝ። «ልጄ ትምህርት ቤት የምትሄደው በዚያ ትሮሊባስ ነው» አለች። ዳይሬክተሩ ዘንድ ወጣሁ። ፈንዱ በኤፕሪል ገምጋሚ ይልካል፣ ማስታወቂያው እስከዚያ መታየት አለበት፣ ውሉ ነው አለኝ። ተመልሼ አንድ ወር ነው፣ ቻይው አልኳት። እንዲያጸዱትም ጥገና ክፍልን ጠየቅኩ። ትርፍ እጅ የለንም አሉ።

ሐሙስ፣ ማርች 15

ሴቭዳ ዛሬ ቢሮዬ መጣች። የ218 የኋላ በር ምልክት ሳይሰጥ በራሱ ይዘጋል፤ ሁለት ጊዜ ብልሽት መዝገቡ ላይ ጽፋለች፣ ማንም አልነካውም። ተሽከርካሪው አይውጣ ብትል ስምሪት ክፍል ሥራ እንቢ አለች ብሎ ሊከሳት ነው። «ሰው ከመጎዳቱ በፊት እርስዎ አንድ ነገር ይበሉልኝ» አለችኝ። እነግረዋለሁ አልኳት።

የጥገና ክፍሉ ኃላፊ ጋሽ ካሜን ነው። ስለ እሱ ለመጻፍ ብዙ ገጽ ያስፈልጋል። የልጄ የዮአና ክርስትና አባት ነው። ባሌ ፔታር እሱ ሥር ነበር የሚሠራው። ፔታር የሞተ ጊዜ ሬሳ ሣጥኑን የገዛው፣ ካህን የጠራው፣ እኔን ከወለል ላይ ያነሳኝ እሱ ነው። ዛሬም ክረምት ሲገባ ማገዶዬን ፈልጦ የሚደረድርልኝ እሱ ነው።

ምሳ ላይ ነገሩን አነሳሁበት። «ሴትየዋ መዝገብ መጻፍ ትወዳለች» አለና አይብ ያለበትን ባኒትሳውን ቆርሶ ገሚሱን ሰጠኝ። ጉንፋን አራት ሰው አስተኝቶበታል፣ ደክሞታል። አላጠበቅኩበትም።

ማክሰኞ፣ ማርች 20

አደጋ። 218። ገበያው ፌርማታ ላይ። በሩ በአንዲት አሮጊት ላይ ተዘጋ፣ ወድቀው ትከሻቸው ተሰብሯል። ሆስፒታል ናቸው። ሕይወታቸው ደህና ነው። ጋዜጠኞች በር ላይ። ዳይሬክተሩ ይጮኻል። ሰነዶቹን ሁሉ ሰብስቢ ተብያለሁ።

ለሴቭዳ ውሃ ሰጠኋት። «ነግሬዎት ነበር» አላለችኝም።

ረቡዕ፣ ማርች 21

አልተኛሁም፤ እናቴ ከወዲያ ክፍል ታንኮራፋለች። በሥርዓቱ ልጻፈው።

ትናንት ከሰዓት የ218ን ብልሽት መዝገብ ከስምሪት ክፍል ራሴ ተቀበልኩ። ቢሮዬ ገብቼ ገለጥኩት። ማርች 12፣ ማርች 14፣ ማርች 19። ሦስቱም በሴቭዳ ክብ ክብ ፊደል፤ «የኋላ በር ያለ ምልክት ይዘጋል፣ አደገኛ ነው»። በእያንዳንዱ ትይዩ በጥገና ክፍል ዓምድ ሥር «ተመርምሯል፣ ደህና ነው» ይላል። ፊርማው የጋሽ ካሜን ነው።

ጋሽ ካሜን ሊመሽ ሲል መጣ። ኮፍያውን አውልቆ ወንበር ላይ ተቀመጠ። በሩን አልመረመረውም። መለዋወጫው እስኪመጣ ብሎ ነው የፈረመው፤ ሁሌም የምናደርገው ነው አለ። ለጡረታው ስምንት ወር ቀርቶታል። መዝገቡ ይፋ ከወጣ ፍርድ ቤት ሊቆም ይችላል። እሷ ወጣት ናት፣ ማስጠንቀቂያ ቢሰጧት ነው፣ ፈንዱ ስላለ አያባርሯትም አለኝ።  ሊወጣ ሲል «ፔታር ቢኖር ምን ይልሽ ነበር?» አለኝ።

ፔታር ምን ይል እንደነበር ሌሊቱን ሙሉ ሳስብ አደርኩ። አላገኘሁትም። ፔታር ደፋር ሰው ነበር፤ ለዚህ ለዚህ እኔን አያማክረኝም ነበር።

መዝገቡ ቁም ሣጥኔ ውስጥ ነው፣ ከክረምት ቦቴ ጀርባ። ለጊዜው ነው። ነገሩ እስኪረጋጋ።

አርብ፣ ማርች 23

አጣሪው ኮሚቴ ተሰበሰበ። ዳይሬክተሩ፣ ሚንቾ በማኅበሩ በኩል፣ የደኅንነት ተቆጣጣሪው። እኔ ቃለ ጉባኤ ያዥ።

ሴቭዳ በደንብ ተናገረች። ሦስት ጊዜ ጽፌአለሁ፣ መዝገቡ ይታይ አለች። ዳይሬክተሩ ወደ እኔ ዞሮ መዝገቡ አለ ወይ ሲል ጠየቀ። ከቀረቡት ሰነዶች መሀል የለም አልኩ። ቃል በቃል ካየነው ውሸት አይደለም፤ አልቀረበም።

ያኔ ሴቭዳ ወደ እኔ ዞረች። «ለእርስዎም ነግሬዎት ነበር ወይዘሮ ኔቬና። ሐሙስ ዕለት። ቢሮዎ መጥቼ።»

ሁሉም እኔን አዩ። ስለ ተሽከርካሪው በጠቅላላው ተነጋግረናል፣ ዝርዝሩን አላስታውስም አልኩ። ሚንቾ እንኳን ጎንበስ ብሎ ወረቀቱን ማየት ጀመረ።

ውሳኔው የመጨረሻ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያና ከመሪ መነሳት ነው። እስከ ሌላ ትእዛዝ ድረስ እጥበት ላይ ትመደባለች። ከሥራ እንዳትባረር የተከራከርኩት እኔ ነኝ። ይህንም ልጻፈው፣ እውነት ነውና።

ማክሰኞ፣ ማርች 27

አሮጊቷን ሆስፒታል ጠየቅኳቸው። በድርጅቱ ስም አበባ ይዤ ነበር። አልጋቸው አጠገብ የብርቱካን ከረጢት አየሁ። «ሾፌሯ ልጅ ናት ያመጣችልኝ። ሁለቴ መጣች» አሉኝ። «እሷ ምን ታድርግ፣ በሩ ነው የያዘኝ። ለመጣው ሁሉ ብነግርም የሚጽፍ አጣሁ።» እኔም ብዕር አልያዝኩም ነበር።

ሐሙስ፣ ኤፕሪል 5

ጸሎተ ሐሙስ። እናቴ ጠዋት እንቁላል ቀይ ቀለም ነከረች፤ የመጀመሪያውን እንደየዓመቱ ለጤና ግንባሬ ላይ አሻሸችልኝ።

ቢሮዬ መስኮት ሥር እጥበት ቦታው ነው። ሴቭዳ ረዥም የላስቲክ ቦት አድርጋ ትሮሊባስ ታጥባለች። ማስታወቂያዎቹ ገና አልተነሱም። ከፊት ጀምራ ወደ ኋላ ትሄዳለች፤ ፎቶዋ ጋ ስትደርስ አትዘልለውም፣ አትቆይበትምም። በረዥሙ ብሩሽ ከላይ ወደ ታች ፈተገችውና ወደ ቀጣዩ መስኮት አለፈች። በቀን አሥራ አራት ያህል ታጥባለች።

መጋረጃውን ዘጋሁት። ፀሐዩ ኮምፒውተሩ ላይ ያንጸባርቅ ነበር።

ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 17

ሴቭዳ ለቀቀች። ቅጹን ሞልታ ለጸሐፊዋ ትታው ሄዳለች። «የለቀቁበት ምክንያት» የሚለውን ባዶ ትታዋለች። ቅጽ ባዶ ቦታ ካለው ወደ ፋይል አይገባም። «በቤተሰብ ምክንያት» ብዬ ሞላሁት። ባሏ ውጭ አገር ነው፣ ሊሆን የማይችል አይደለም። የሰማያዊ አበባው ስኒ ታጥቦ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጦ ነበር።

ሐሙስ፣ ኤፕሪል 26

ገምጋሚዎቹ መጥተው ሄዱ። ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ፤ ጨዋ ሰዎች ናቸው። የሥልጠናውን ፎቶ አዩ፣ ማስታወቂያውን አዩ። ከሴቶቹ ታናሿ ሾፌሯን ልታነጋግራት ፈለገች። ዳይሬክተሩ እኔን አየኝ። በቤተሰብ ምክንያት ወደ ባሏ ሄዳለች፣ በጣም አዝነናል አልኩ። «ያሳዝናል» አለችና ጻፈች። ጽፋ ስትጨርስ ለአፍታ ቀና ብላ አየችኝ፤ ወይም መስሎኝ ነው።

የፈንዱ ሁለተኛው ዙር ጸድቋል። ዳይሬክተሩ አበባ ሰጠኝ። እናቴ በማሰሮ ውሃ ውስጥ አድርጋ፣ አንድ ቀን እንኳን ሥራሽን አዩልሽ አለችኝ።

ከማርች ወዲህ አራት ኪሎ ቀንሻለሁ። ሐኪሙ ምንም የለብሽም ይላል።

ማክሰኞ፣ ሜይ 8

ሴቭዳ መጣች። እንደማንኛውም ባለጉዳይ ኮሪደር ላይ ተራዋን ጠብቃ ገባች። ባሏ ያለበት ከተማ የአውቶቡስ ድርጅት ሾፌር ይፈልጋል፤ ካለፈው መሥሪያ ቤት ደብዳቤ አምጪ ብለዋታል። ቅዳሜ ትሄዳለች። ልጅቷ ትምህርት እስክትጨርስ ከአያቷ ጋር ትቆያለች። ሐሙስ ነይ አልኳት። አመሰገነችኝ። ያን ምስጋናዋን መስማት ከስድብ ይከብደኛል።

ረቡዕ፣ ሜይ 9

የተለመደው ደብዳቤ ሦስት መስመር ነው፤ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ሠርተዋል፣ መልካሙን እንመኛለን። በአሥር ደቂቃ ጻፍኩት። ፋይሏ ውስጥ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ስላለ ከዚያ በላይ መጻፍም አልችልም። እዚያ ያሉት ሰዎች ሦስቱን መስመር አይተው ምን እንደጎደለ ይገባቸዋል። እኔም እንደዚያ ዓይነት ደብዳቤ ሲመጣልኝ ሰውየውን አልጠራውም።

ቤት ይዤው መጣሁ። ከእራት በኋላ ቁም ሣጥኑን ከፍቼ መዝገቡን አወጣሁት። ሰባት ሳምንት ነክቼው አላውቅም። ከቦቴ ጭቃ ሽፋኑ ላይ ደርቋል።

እስከ እኩለ ሌሊት ሌላ ጻፍኩ። ገጽ ተኩል ሆነ። በባቡር ጣቢያው መታጠፊያ ዘንጎቹን እንዴት እንደመለሰች። በመስመር ሁለት ላይ አንድም የራሷ ጥፋት እንዳልነበረ። በተሽከርካሪው ላይ የነበረውን ብልሽት ማርች 12፣ 14 እና 19 በጽሑፍ፣ ማርች 15 ደግሞ ለእኔ በቃል ማሳወቋን። ለአደጋው ኃላፊነት እንደሌለባት። የተጎዱትን ሴት ሄዳ መጠየቋን። በመጨረሻ የሞቀ ነገር ለመጨመር «ባልደረቦቿ እንደ ቤተሰባቸው አባል ይመለከቷት ነበር» ብዬ ዘጋሁት።

በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ እንደዚህ ያለ ደብዳቤ አልጻፍኩም።

ሐሙስ፣ ሜይ 10

ቆማ አነበበችው። ተቀመጪ አልኳት፤ አልተቀመጠችም። ሁለተኛው ገጽ ላይ ስትደርስ መለስ ብላ አንዱን አንቀጽ ደገመችው።

«መዝገቡን አይተውት ነበር» አለች።

አዎ አልኳት።

«መቼ?»

አደጋው የደረሰ ዕለት አልኳት። ስለ ጋሽ ካሜን ልነግራት አፌን ከፈትኩ፤ ስለ ፔታር ሬሳ ሣጥን፣ ስለ ክርስትናው፣ ስለ ማገዶው። አየችኝ። ተውኩት።

ትጮህብኛለች ብዬ ነበር። ደብዳቤውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ በጣቷ የመጨረሻውን መስመር አሳየችኝ። «‹እንደ ቤተሰባቸው› የምትለዋን ያውጡልኝ። የቀረው እውነት ነው።»

አወጣሁት። ድጋሚ አትሜ ፈረምኩ፣ ማህተም አደረግኩበት። በጥንቃቄ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ደህና ይሁኑ አለችኝ። ማህተሙን እንደያዝኩ ቀረሁ።

ሰኞ፣ ሜይ 14

መዝገቡንና የደብዳቤውን ቅጂ ለዳይሬክተሩ ወሰድኩለት። የት ነበር ሲለኝ ቤቴ፣ ቁም ሣጥኔ ውስጥ አልኩት። ተነስቶ በሩን ዘጋ። «ገምጋሚዎቹ ሄደዋል፣ ልጅቷ ሄዳለች፣ አሮጊቷ ድነዋል። ማንን ልትጠቅሚ ነው ኔቬና?» አለኝ።  ሌላውን ቅጂ ለደኅንነት ተቆጣጣሪው ጠዋት እንደሰጠሁት ብቻ ነገርኩት።

ረቡዕ፣ ሜይ 16

ጋሽ ካሜን ቢሮዬ በር ላይ ቆመ። አልገባም፣ ኮፍያውንም አላወለቀም። «አንዴ ከደበቅሽው ወዲያ ልትተዪው ትችይ ነበር» አለኝ። ድምፁ ውስጥ ቁጣ የለም። እንደ በሽተኛ ነው የሚናገረው። ጋሽ ካሜን ስለው ሄዷል።

ማታ ዮአና ደወለች። ክርስትና አባቴን ምን አደረግሽው አለችኝ። አስረዳኋት። ሰማችኝ። ከዚያ «ታዲያ በማርች ለምን አልተናገርሽም?» አለች። ሁለቱንም የከዳሁት እኔው ነኝ፤ እሱን በሜይ፣ ሴቭዳን በማርች። ዮአና እንዲህ አላለችም። እኔ ነኝ ያልኩት።

አርብ፣ ጁን 1

ኮሚቴው እንደገና ተሰብስቦ ነበር። እኔ አልተጠራሁም። የሴቭዳ ማስጠንቀቂያ ተሰርዟል። ጋሽ ካሜን ከሥራ ታግዶ በዚያው ጡረታ እንዲወጣ ተደርጓል፤ ፍርድ ቤት አልሄደም። እኔ ከሰኞ ጀምሮ መዝገብ ቤት ነኝ፣ ምድር ቤት። የሁለተኛው ዙር አስተባባሪ ሚንቾ ነው። ዛሬ መጥቶ ፋይሎቹን ተረከበኝ፤ ስንት ሮማ ነው የሚያስፈልገን ብሎ ጠየቀኝ።

የስረዛውን ደብዳቤ በፖስታ መላክ ይቻል ነበር። ራሴ ወሰድኩት። በመስመር ዘጠኝ ድልድዩን ተሻገርኩ። እስከ መጨረሻው ፌርማታ ስሄድ የመጀመሪያዬ ነው።

የሴቭዳ አማት፣ እማማ ራይና፣ አጥር ላይ ልብስ ያሰጡ ነበር። ማን እንደሆንኩ ነገርኳቸው። ግቢ አላሉኝም፣ ሂጂም አላሉኝም። ልጅቷ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ የቤት ሥራዋን ትሠራለች። ሴቭዳ እንዴት ናት አልኩ። ትነዳለች፣ ይበርዳል ትላለች አሉ።

ደብዳቤውን ሰጠኋቸው። ገልብጠው ማህተሙን አዩና መልሰው ወደ እኔ ዘረጉት፤ መነጽር የለኝም፣ ምን እንደሚል አንብቢልኝ አሉኝ። አጥሩ ላይ ቆሜ ጮክ ብዬ አነበብኩ። ቀኑን፣ ቁጥሩን፣ የኮሚቴውን ስም፣ ሁሉንም። ልጅቷ እርሳሷን ይዛ ቀና አለች። መጨረሻው ላይ «በአደጋው ጥፋት እንዳልነበረባት ተረጋግጧል» ይላል።

እማማ ራይና እርጥቡን አንሶላ ማርገፍ ቀጠሉ።

«ይሄንንማ እኛ እናውቀዋለን» አሉ። «ሌላ ነገር የለውም?»

የለውም አልኳቸው።